ድምፅ አለው፣ ምስል የለውም፦ ቴሌቪዥኑ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ቴሌቪዥን ነው። በቴሌቪዥን ስለሚታየው ሳይሆን ስለ ዕቃው ስለ ራሱ። ሲበላሽ ምን እናድርገው? እናስጠግነው ወይስ አዲስ እንግዛ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በእኛ ቤት ግን አንድ ሳምንት ሙሉ አነጋግሮናል፤ ከገንዘቡ ሌላም ነገር ስለነበረበት።

የምንኖረው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን ከመጣች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። ቪዛዋ የ90 ቀን ነው። እኔና ባለቤቴ ሥራ እንውላለን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። እሷ ቋንቋውን አታውቅ፣ ጎረቤት የላት፣ ብርዱም አልተስማማት። ጠዋት ትጸልያለች፣ ቡናዋን ታፈላለች፤ የቀረው ቀን ከቴሌቪዥኑ ጋር ነው። የአገር ቤቱን ዜና፣ ድራማውን፣ የበዓሉን ዝግጅት ሁሉ የምታየው እዚያ ላይ ነው። "እሱ ባይኖር ግድግዳ ሳይ ነበር የምውለው" ትለናለች።

አንድ ረቡዕ ከሥራ ቀደም ብዬ ስገባ እናቴ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ጥቁር ስክሪን ታዳምጣለች። ሰው ይናገራል፣ ሙዚቃው ይሰማል፤ ምስል ግን የለም።

"እማዬ፣ ምን ሆኖ ነው?"

"ኧረ ምንም፤ ዓይኔን እያሳረፍኩት ነው።"

እውነቱን የነገረችኝ የ11 ዓመቷ ልጄ ናት፣ ወጥ ቤት ጠርታ። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ካጣ ሁለት ቀን ሆኖታል። እኛ ማታ ደክመን ስለምንገባ ልብ አላልንም። ሰኞ ጠዋት እናቴ አቧራ አይታበት በእርጥብ ጨርቅ ወልውላዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ጨለመ። እሷ እንዳበላሸችው እርግጠኛ ሆናለች። ልጄንም "ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ እኔው ራሴ እነግራታለሁ" ብላ አስጠንቅቃታለች።

ያን ዕለት ማታ በመሐረብ የቋጠረችውን ገንዘብ ይዛ መጣች። ወንድሜ ለመንገድ ብሎ የሰጣት 200 ዩሮ ነው። "እንግዲህ እጄ አርፎ አይቀመጥም። በዚህ ጨምራችሁ ሌላ ግዙ" አለችኝ።

ባለቤቴ ደግሞ ነገሩን እንደሰማ ስልኩን ከፈተ። "ስድስት ዓመት አገልግሎናል፣ ይበቃዋል። ይኸውልሽ፣ ይኼም ባለ 50 ኢንች ነው፤ 400 ዩሮ፣ ያለ ወለድ በ24 ወር ይከፈላል። ቅናሹ እሑድ ያበቃል።" በወር 17 ዩሮ ያህል ማለት ነው። እኔም እሺ ልል ትንሽ ነበር የቀረኝ። ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ። ያን ምሽት ብንገዛው እናቴ የቀራትን ሁለት ወር "የልጄን ቴሌቪዥን አበላሽቼ ዕዳ አስገባኋት" እያለች ነው የምትከርመው። ደግሞስ ምኑ እንደተበላሸ ማን አየው? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? ስለዚህ "እስከ እሑድ ጊዜ አለን፤ መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንወቅ" አልኩ።

መጀመሪያ ምኑ እንደተበላሸ ማወቅ

አዲስ አበባ ያደግንበት ቤት የነበረው ቴሌቪዥን ዳንቴል ለብሶ ቁም ሣጥን ላይ የሚቀመጥ ከባድ ዕቃ ነበር። ምስሉ ሲንቀጠቀጥ አባቴ ጎኑን አንዴ ጠፋ ያደርገዋል፤ አንዳንዴ ይሠራል። ካልሆነ ጠጋኙ ካቻቢቴውን ይዞ ቤት ድረስ ይመጣል። ይጣል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። እዚህ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሳይከፈት፣ ሳይጠየቅ ይጣላል። የዛሬዎቹ ቀጫጭን ቴሌቪዥኖች ጥፊ አይችሉም። ሁሉም ብልሽታቸው ግን የሞት አይደለም።

አብዛኛው ፍላት ስክሪን ቴሌቪዥን በቀላሉ ሲታይ አራት ክፍል አለው። አንደኛው ምስሉ የሚታይበት ፓነል ነው። ሁለተኛው ከፓነሉ ጀርባ ሆኖ የሚያበራለት መብራት ነው፤ ጠጋኞች ባክላይት ይሉታል። ሦስተኛው ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለው ፓወር ቦርድ፣ አራተኛው ሁሉንም የሚያዝዘው ዋናው ቦርድ ነው። ከእነዚህ እጅግ ውዱ ፓነሉ ነው። እሱ ደኅና ከሆነ ጥገና ሊያዋጣ ይችላል፤ እሱ ከተሰበረ አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም። ጠጋኝ ከመጥራታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ልታዩዋቸው የምትችሉ ምልክቶች አሉ።

ጨርሶ የማይነሳ፣ ትንሿ ቀይ መብራት እንኳ የማትበራ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሌላ ሶኬት ላይ ሞክሩት። ከሶኬቱ ነቅላችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩትና መልሳችሁ ሰኩት። ያኔም ካልተነሳ የሚጠረጠረው ፓወር ቦርዱ ነው። እሱ በአብዛኛው ሊጠገን ወይም ሊቀየር የሚችል ነው።

ቀይ መብራቷ ደጋግማ ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ስንት ጊዜ እንደምትበራ ቁጠሩ። ብዙ አምራቾች ብልሽቱን በቁጥሩ ነው የሚናገሩት፤ ለጠጋኙ ስትደውሉ ቁጥሩን ንገሩት።

ምስሉ የሚቆራረጥ ወይም የሚጠፋ ከሆነ የቴሌቪዥኑን የራሱን ሜኑ በሪሞት ክፈቱ። ሜኑው ጥርት ብሎ ከታየ ቴሌቪዥኑ ደኅና ነው። ችግሩ ከሪሲቨሩ፣ ከዲሹ ወይም ከኤችዲኤምአይ ገመዱ ነው። ስንት ሰው በአንድ ገመድ ምክንያት ቴሌቪዥን ቀይሯል!

ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያሉ መስመሮች ከታዩ ወይም ግማሹ ከጨለመ ምስሉን የሚያከፋፍለው ትንሽ ቦርድ ሊሆን ይችላል፣ ፓነሉም ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያዩ በስልክ መለየት ስለማይቻል ባለሙያ ያየው።

እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጠቀ፣ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል ከሆነ ፓነሉ ተሰብሯል። እዚህ ላይ ብዙ አትድከሙ።

ድምፅ ኖሮት ምስል ከሌለው ደግሞ እንደ እኛው ነው ማለት ነው። ለዚህ ቀላል ሙከራ አለ። ክፍሉን አጨልሙ፣ ቴሌቪዥኑን አብሩ፣ የእጅ ባትሪ ወደ ስክሪኑ አስጠግታችሁ በሰያፍ አብሩበት። ልጄ በስልኬ መብራት ሞከረችው። እናቴ ከኋላችን ቆማለች። ስክሪኑ ላይ ከጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚታይ ጥላ፣ ዜና የሚያነብ ሰው ፊት ብቅ አለ። "አለ! ሰውዬው አለ!" አለች ልጄ። ፓነሉ ምስሉን እየሠራ ነው፤ የጠፋው ከጀርባው ያለው መብራት ብቻ ነው። ይህ ሙከራ ኦሌድ ለሚባሉት ቴሌቪዥኖች አይሆንም፤ እነሱ በራሳቸው ስለሚያበሩ የጀርባ መብራት የላቸውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጀርባውን ራሳችሁ አትክፈቱት። ፓወር ቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ዕቃው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ሊይዙ ይችላሉ፤ አደገኛ ነው። የጀርባውን መብራት ለመቀየርም ቀጭኑን ፓነል ማንሳት ያስፈልጋል፤ ያልለመደ እጅ ይሰብረዋል።

ጠጋኙ ምን አለ?

ሐሙስ በስልክ ሦስት ቦታ ጠየቅሁ። አንዱ ገና ሞዴሉን ሳይሰማ "አዲስ ይግዙ" አለኝ። ሌላው ዋጋውን በስልክ ቆርጦ ነገረኝ፤ ሳያይ የሚቆርጥ ሰው አላመንኩም። ሦስተኛው ትንሽ የጥገና ሱቅ ነው። "30 ዩሮ ከፍለሽ አየዋለሁ፤ ካስጠገንሽ 30ው ከሒሳቡ ይቀነሳል" አለኝ። ዓርብ ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ ቀጥ አድርጎ በመኪና ወሰደው። ፍላት ስክሪን አስተኝቶ መጫን ፓነሉን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ከሰዓት በኋላ ጠጋኙ ደወለ። ከፓነሉ ጀርባ የኤልኢዲ መብራቶች በረድፍ ተደርድረዋል። በአንድ መስመር ላይ እንደ ገና ዛፍ መብራት የተያያዙ ስለሆኑ፣ አንዷ ስትቃጠል መስመሩ በሙሉ ይጠፋል። የእኛም አንዷ ተቃጥላለች። ጠጋኙ "ሁሉንም ረድፍ ነው የምቀይረው፤ የቀሩትም ዕድሜያቸው አንድ ስለሆነ በየተራ ይመልሱሻል" አለኝ። ዋጋው በጠቅላላ 150 ዩሮ፣ የስድስት ወር ዋስትና በጽሑፍ።

የእርጥብ ጨርቁን ነገር ጠየቅሁት። "ውኃ ገብቶ ቢሆን ከታች ጠርዙ በኩል መስመር ወይም እድፍ ይታይ ነበር። ውስጡ ደረቅ ነው። ይኼ የዕድሜ ነው" አለኝ። ቀጥሎም የስክሪኑ ብርሃን ስንት ላይ እንደነበረ ጠየቀኝ። ባለቤቴን አየሁት። ከሱቅ እንደመጣ ከፍተኛው ላይ ነበር፤ ስድስት ዓመት ማንም አልነካውም። ብርሃኑ ሁልጊዜ ጣሪያ ላይ ሲሆን መብራቶቹ ይሞቃሉ፣ ዕድሜያቸውም ያጥራል። አጥፊ ከተፈለገ እንግዲህ እኛው ነን።

እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሜ ቤት ደወልኩ።

"እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም። መብራቱ አርጅቶ ነው።"

ትንሽ ዝም አለች። "እርግጠኛ ነሽ? እኔን ለማጽናናት እንዳይሆን።"

"ጠጋኙ ከፍቶ አይቶ ነው የነገረኝ።"

"ስሙ ማን ነው? በጸሎቴ ላስበው።"

ሒሳቡ

ምኑ እንደተበላሸ ካወቅን በኋላ ሒሳቡን ቁጭ ብለን ሠራን። ብዙዎች የሚከተሉት አንድ ልማድ አለ፦ ጥገናው ከአዲሱ ዋጋ ከግማሽ በላይ ከሆነ መጠገን አያዋጣም። የእኛ 150 ነው፣ አዲሱ 400፤ ከግማሽ በታች ነው።

ግን ሐቁን ልንገራችሁ፤ ነገሩ እንደሚመስለው ግልጽ አይደለም። የተጠገነው ሦስት ዓመት ቢያገለግለን በዓመት 50 ዩሮ ይደርስብናል። አዲሱ ሰባት ዓመት ቢያገለግል በዓመት 57 ዩሮ ገደማ ነው። ተቀራራቢ ነው። ባለቤቴ ይህን ሲያይ "አየሽ!" አለኝ። ቀጠለና "አዲሱ መብራትም ይቆጥባል" አለ። እሱንም አሰላነው። አዲሱ በ30 ዋት ያነሰ ይወስዳል እንበል። በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በዓመት 55 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። አንዱን በ35 ሳንቲም ብናስበው 19 ዩሮ ይሆናል። መልካም ነው፤ ግን ለዚህ ብቻ 400 ዩሮ አይወጣም።

ያስወሰነን ሌላ ነው። 150 ዩሮ እጃችን ላይ አለ፤ 400 ዩሮ የለም። የእናቴን ቲኬት ገና ከፍለን መጨረሳችን ነው፤ በየወሩ አገር ቤት የምንልከውም አለ። ያለ ወለድ ቢሆንም ዕዳ ዕዳ ነው። የሚሠራ ፓነል እያለን ለ24 ወር መፈራረም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነብን። የድሮው ምስል ደግሞ ለእኛ በቂ ነው። አፖቹ ዘገምተኛ መሆናቸው እውነት ነው፤ ለእሱ ከኋላ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ በጥቂት ዩሮ ይገዛል። ባለቤቴም በመጨረሻ "እሺ፣ ከተበላሸ ያኔ እንገዛለን" አለ።

ለመጠገን ስትስማሙ ሦስት ነገር በጽሑፍ አድርጉ፦ ጠቅላላ ዋጋውን፣ የጥገናውን ዋስትና፣ እንዲሁም ሲከፈት ፓነሉ ቢሰበር ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ ከሁሉ የሚያጣላው ግን እሱ ነው።

አዲስ መግዛት ትክክል የሚሆነው መቼ ነው?

ሁሉም ይጠገን አልልም። የአንዲት ጓደኛዬ ልጅ የጨዋታ መቆጣጠሪያውን ስክሪኑ ላይ ወርውሮ ፓነሉን ሰነጠቀው። አራት ቦታ ጠየቀች። የፓነሉ ዋጋ ብቻ ከአዲስ ቴሌቪዥን የሚቀራረብ ሆነ። እሷ ወዲያው አዲስ መግዛቷ ትክክል ነበር። ፓነል ሲሰበር፣ ዕቃው ዘጠኝና አሥር ዓመት ሲሆነው፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ሲበላሽ ገንዘባችሁን ለአዲሱ አውሉት።

ግን አስቀድማችሁ ደረሰኛችሁን ፈልጉ። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ የምትኖሩ፣ አዲስ ዕቃ ከገዛችሁ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሻጩ በሕግ ተጠያቂ ነው። ሻጩ "አምራቹን ጠይቁ" ብሎ ቢመልሳችሁ አትመለሱ። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. ከማርች 2021 ጀምሮ በኅብረቱ አገሮች የቴሌቪዥን አምራቾች እንደ ፓወር ቦርድ ያሉ መለዋወጫዎችን፣ ሞዴሉ ከገበያ ከወጣ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ዓመት ለጠጋኞች ማቅረብ አለባቸው። በብዙ ከተሞችም ሪፔር ካፌ የሚባል አለ፤ በ2009 አምስተርዳም ላይ የተጀመረ ነው፤ በጎ ፈቃደኞች ዕቃችሁን አብረዋችሁ በነፃ ያያሉ። ትልቅ ቴሌቪዥን ይቀበሉ እንደሆነ አስቀድማችሁ ደውሉ።

አሜሪካ ያላችሁ፣ የአምራቹ ዋስትና ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው። የከፈላችሁበት ክሬዲት ካርድ ዋስትናውን የሚያራዝም ሊሆን ስለሚችል ባንኩን ጠይቁ። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ የጥገና መብት ሕግ አለ። ዋጋቸው 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆኑ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች አምራቾች መለዋወጫና የጥገና መረጃ ለሰባት ዓመት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል።

የዓረብ አገር አንባቢዎቼ፣ ቴሌቪዥን ገዝታችሁ ወደ አገር ቤት የምትወስዱ ከሆነ ዋስትናው ከተገዛበት አገር ውጭ ይሠራ እንደሆነ ሳትከፍሉ ጠይቁ።

አሮጌውስ?

ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ "አገር ቤት እንላከው፣ እዚያ ይጠግኑታል" ብሎ ነበር። የአገራችን ጠጋኞች እጃቸው የተባረከ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ለተሰበረ ፓነል ማንም ምንም ማድረግ አይችልም፤ ለዘመድ ስጦታ ሳይሆን ሸክም መላክ ይሆናል። የሚሠራም ቢሆን ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ኢትዮጵያ ውስጥ ኤሌክትሪኩ 220 ቮልት ነው። "100-240" የሚል ከሆነ ይሠራል፤ ከአሜሪካ የሚመጣና "120" ብቻ የሚል ከሆነ ግን ያለ ትራንስፎርመር ሲሰካ ይቃጠላል።

የማይጠገን ከሆነ ከቆሻሻ ጋር አትጣሉት። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሪፖርት መሠረት በ2022 ዓለም የጣለችው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ 62 ሚሊዮን ቶን ነበር፤ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ከሩቡ ያነሰ ነው። በአውሮፓ አዲሱን ቤት ድረስ የሚያመጣላችሁ ሻጭ ተመሳሳዩን አሮጌ ዕቃ በነፃ መረከብ አለበት፤ ስታዝዙ ንገሩት።

የእኛው ቴሌቪዥን ረቡዕ ተመለሰ። እስከዚያ እናቴ ስልኬን በስኳር ጣሳ አስደግፋ ድራማዋን ስታይ ሰነበተች። ሲበራ ከሁሉ በፊት ብርሃኑን ወደ ግማሽ ገደማ ዝቅ አደረግነው፤ ሳሎን ውስጥ ከበቂ በላይ ነው። 200 ዩሮዋን መልሼ መሐረቧ ውስጥ ቋጠርኩላት። አልቀበልም ብላ ብዙ ተከራከርን።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ አገኘኋት። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራለች።

"አቧራ አለበት" አለችኝ። "በምን ልጥረገው?"

ደረቅ፣ ለስላሳ ጨርቅ ሰጠኋት። መጀመሪያ አጥፍታ፣ ትንሽ ጠብቃ፣ የሕፃን ፊት እንደምትጠርግ ቀስ አድርጋ ጠረገችው።

ውድ አንባቢያን፣ የእናንተ ቤት ዕቃ ሲበላሽ "ማን አበላሸው?" ከማለታችሁ በፊት፣ "ስንት ነው አዲሱ?" ከማለታችሁም በፊት፣ "ምኑ ነው የተበላሸው?" ብላችሁ ጠይቁ። ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ሰላም ሰንብቱ።